ቆሞ መዋልና የእግር ደም ሥር ማበጥ (ዳሊዮት)፦ ነርሶች፣ እናቶችና ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ



በዕብራይስጥ ነርስ «አሖት» ትባላለች። ትርጉሙም እህት ማለት ነው። ከማኅበረሰባችን ልጆች መካከል ይህን ሙያ መርጠው የተማሩና ዛሬ በየሆስፒታሉ የሌላውን ሰው ሕመም የሚያስታምሙ እህቶችና ወንድሞች ብዙ ናቸው። ወላጆቻቸውም በዚህ ይኮራሉ፤ ሊኮሩም ይገባል። ስለ ነርስ ሥራ ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ታካሚው ነው። ዛሬ ስለ አስታማሚዋ እግር እንነጋገራለን።

አንዲት የሆስፒታል ነርስ በዓይነ ሕሊናችን እንይ። የስምንት ሰዓት ሚሽሜሬቷን ጨርሳ ማታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ ከብዷታል፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ የካልሲው ጠርዝ በቆዳዋ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ትቷል። እናቷ አይታ «ቆመሽ ስለዋልሽ ነው ልጄ፣ ተኝተሽ ስትነሺ ይተውሻል» ትላታለች። እውነትም ጠዋት ስትነሳ እብጠቱ ጠፍቷል። ማታ ግን ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን በባቷ ላይ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሥር ታያለች። በረጅም ቀሚስ ትሸፍነውና ሥራዋን ትቀጥላለች።

እናቲቱ «ቆመሽ ስለዋልሽ ነው» ማለቷ ልክ ነው። «ይተውሻል» ማለቷ ግን ልክ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳውም ይህንኑ ነው።

ዳሊዮት ምንድን ነው?

በሕክምና ቋንቋ ቫሪኮስ ቬይን፣ በዕብራይስጥ ዳሊዮት፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ የእግር ደም ሥር ማበጥ የሚባለው በሽታ ደምን ከእግር ወደ ልብ በሚመልሱት ሥሮች ላይ የሚደርስ ችግር ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ትላልቅ የደም ሥሮች አሉ። ልብ ደምን ወደ መላ አካላት የምትልክባቸው «ደም ቅዳ» ሲባሉ፣ ደሙ ተመልሶ ወደ ልብ የሚሄድባቸው ደግሞ «ደም መልስ» ይባላሉ። ደም ቅዳ ከልብ ግፊት ስለሚያገኝ ደሙን በኃይል ያደርሳል። ደም መልስ ግን ያ ኃይል የለውም። በተለይ ከእግር የሚነሳው ደም ከቁርጭምጭሚት እስከ ልብ ድረስ ሽቅብ መውጣት አለበት። በአገር ቤት ከወንዝ ውሃ ቀድቶ እንስራ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቀዋል።

ደሙ ይህን ዳገት እንዲወጣ የሚረዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በደም መልሱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች (ቫልቮች) ናቸው። እነዚህ በሮች ደሙን ወደ ላይ ያሳልፉታል፣ ወደ ታች እንዳይመለስ ግን ይዘጉበታል። ሁለተኛው የባት ጡንቻ ነው። ሰው በተራመደ ቁጥር ጡንቻው ሥሩን ይጨምቀዋል፣ ደሙም ወደ ላይ ይገፋል። ሐኪሞች የባትን ጡንቻ «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ሳይንቀሳቀስ በቆመ ጊዜ በቁርጭምጭሚቱ አካባቢ በደም መልሱ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። መራመድ ሲጀምር ደግሞ ጤናማ በሆነ እግር ላይ ግፊቱ ከ30 በታች ይወርዳል። እንግዲህ በመቆምና በመራመድ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው። እግርን የሚጎዳው ሥራ መሥራት ሳይሆን፣ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መዋል ነው።

ግፊቱ ለዓመታት ሲደጋገም የሥሩ ግድግዳ ይለጠጣል። ሥሩ ሲሰፋ በሮቹ ገጥመው መዘጋት ያቅታቸዋል። ደሙም ወደ ታች ይመለስና ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ደም ደግሞ ከበታቹ ያለውን በር ያላላዋል። በዚህ ዓይነት ችግሩ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። አንዴ የላላ በር በእረፍት ብቻ ተመልሶ አይጠግንም። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት እብጠቱን ያጎድላል እንጂ በሩን አያድነውም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩት ምልክቶች እግር መክበድ፣ መዛል፣ ማቃጠል፣ ማሳከክ፣ ማታ ማታ የቁርጭምጭሚት ማበጥ እና ሌሊት የባት ጡንቻ መኮማተር ናቸው። ምልክቶቹ ሲውል ይብሳሉ፤ እግር ከፍ ሲደረግ ይሻላሉ። ቆይቶ የተወጠሩና የተጠማዘዙ ሥሮች ከቆዳ በላይ ጎልተው ይታያሉ።

እዚህ ላይ ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ጉዳይ አለ። በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በሚለጠፉት ሥዕሎች ዳሊዮት ሰማያዊና ቀይ መስመር ሆኖ የሚታየው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቀለሙ በግልጽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ ማየት አይበቃም፤ በእጅ መዳሰስም ያስፈልጋል። ቆም ብሎ ባትንና የጉልበትን ጀርባ በመዳፍ ቀስ ብሎ ሲዳስሱ፣ ለስላሳ እብጠት ወይም እንደ ገመድ የሆነ ሥር ሊገኝ ይችላል። በቁርጭምጭሚት አካባቢ ቆዳው ከሌላው ቦታ ይበልጥ መጥቆሩ፣ መድረቁና መጠንከሩም የበሽታው ምልክት ነው። ይህ ለውጥ በእኛ ቆዳ ላይ «ጠባሳ ነው»፣ «ፀሐይ ነው» ተብሎ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል።

አንዳንድ አዛውንቶች እግር ሲያብጥ ወዲያው የሚያስቡት ዝሆኔን ነው። ዝሆኔ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ፣ በሌሎች ቦታዎች ደግሞ በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። ዳሊዮት ከዚያ ጋር አይገናኝም። አይተላለፍም፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

ማንን ያጠቃል?

ዳሊዮት አንድ ብቻ ምክንያት የለውም። ብዙ ነገሮች ተደራርበው ያመጡታል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ዘር፦ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያለው ይህ ነው። በፈረንሳይ አገር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሁለቱም ወላጆች ዳሊዮት ካለባቸው ልጃቸው የመያዝ ዕድሉ 90 ከመቶ ይደርሳል። አንዱ ወላጅ ብቻ ካለበት ለሴት ልጅ 62 ከመቶ፣ ለወንድ ልጅ 25 ከመቶ ነው። ሁለቱም ወላጆች ከሌለባቸው ግን 20 ከመቶ ብቻ ነው።

ዕድሜ፦ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሥሩ ግድግዳና በሮቹ ይደክማሉ።

እርግዝና፦ በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ፕሮጄስተሮን የተባለው ሆርሞን የሥሩን ግድግዳ ያላላዋል፣ ያደገው ማኅፀንም በሆድ ውስጥ ያሉትን ትላልቅ ደም መልሶች ይጫናል። በእርግዝና የመጣ ዳሊዮት ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። እርግዝናው በተደጋገመ ቁጥር ግን የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ልጆች የወለዱ እናቶቻችን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ውፍረት፦ የሰውነት ክብደት ሲጨምር በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ደሙም ከእግር ለመውጣት ይቸገራል።

ቀደም ሲል በእግር ውስጥ ደም ረግቶ ከነበረ፦ የረጋው ደም በሮቹን አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል።

ለረጅም ሰዓት ቆሞ መሥራት፦ በዴንማርክ አገር ሠራተኞችን ለ12 ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የሥራ ጊዜያቸውን አብዛኛውን ክፍል ቆመው ወይም እየተራመዱ የሚያሳልፉ ሴቶች በዳሊዮት ምክንያት ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ የተጠጋ ነበር። አጥኚዎቹ እንዳሰሉት፣ ሥራ በሚሠሩበት ዕድሜ ላይ ካሉ ሰዎች መካከል ለዚህ በሽታ ሆስፒታል ከገቡት ከአምስቱ አንዱ በላይ የሆነው ከዚህ ዓይነት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ብዙ ሰው ዳሊዮትን የሴቶች በሽታ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ይህም ትክክል አይደለም። በስኮትላንድ በኤድንብራ ከተማ ከ18 እስከ 64 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ትላልቅ ሥሮች ያበጡባቸውን ሲቆጥር በወንዶች 40 ከመቶ፣ በሴቶች 32 ከመቶ አግኝቷል። ወንዶች ሐኪም ዘንድ ስለማይሄዱና ስለማይናገሩ ነው እንጂ በሽታው እነሱንም አይምርም። በፋብሪካ፣ በጥበቃ ሥራና በወጥ ቤት ቆመው የሚውሉ አባቶችና ወንድሞችም ይህን ጽሑፍ ለራሳቸው እንደተጻፈ አድርገው ያንብቡት።

እግርን አነባብሮ መቀመጥ ዳሊዮት ያመጣል የሚባለው ግን በበቂ ማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

የነርስ ሥራ ለምን የተለየ ሆነ?

በቱርክ፣ በኢራን፣ በኮሪያና በሌሎችም አገሮች ዳሊዮት በሆስፒታል ነርሶች ላይ ተጠንቷል። ውጤቶቹ በሁሉም ነገር አንድ ባይሆኑም ተደጋግመው የሚነሱት ምክንያቶች ተመሳሳይ ናቸው፤ እነሱም በቤተሰብ ውስጥ መኖሩ፣ ዕድሜ፣ በሙያው የቆዩበት ዓመት ብዛት፣ የእርግዝና ብዛት፣ ክብደት እና በቀን ውስጥ ቆሞ የሚያሳልፉት ሰዓት ናቸው። እነዚህን አንድ በአንድ ስናያቸው አብዛኞቹ ከሥራው ውጭ ያሉ ናቸው። ሥራው ግን በእነሱ ላይ ይደመራል። እናቷ ዳሊዮት ያለባት፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ የወለደች፣ ሃያ ዓመት በነርስነት የሠራች ሴት በላይ በላዩ የተጫነ ሸክም አለባት ማለት ነው።

በሆስፒታል ውስጥም ቢሆን ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በሕሙማን ክፍል (ማህላቃ) የምትሠራ ነርስ ከአልጋ ወደ አልጋ ስለምትመላለስ የባቷ ጡንቻ ይሠራል። የደከማትም ቢሆን ደሟ ይንቀሳቀሳል። በቀዶ ሕክምና ክፍል የምትሠራው ግን ከሐኪሙ አጠገብ አንድ ቦታ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ሰዓታት ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች። ጡንቻዋ አይሠራም፣ ደሟም ወደ ታች ይጠራቀማል። ለእግር ሥር ከባዱ ሥራ ይህኛው ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ከባድ ነገር ማንሳት ነው። ታካሚን ከአልጋ ማንሳትና ማገላበጥ የሆድ ውስጥ ግፊትን ይጨምራል። በተጨማሪም የእረፍት ጊዜ እየተቋረጠ፣ ነርሷ ቁጭ ብላ ምሳዋን ሳትበላ ሚሽሜሬቷ የሚያልቅበት ቀን ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ነርሶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በቤት አቮት አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሜታፕሎት፣ በጽዳት ሥራ፣ በመዋዕለ ሕፃናት፣ በሱፐርማርኬትና በሆቴል ወጥ ቤት የሚሠሩ እናቶቻችንም በእግራቸው ላይ ነው የሚውሉት። ነርሷ ቢያንስ ሐኪም በአጠገቧ አለ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ለማን ትናገር?

በሥራ ቦታ ምን ማድረግ ይቻላል?

ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ ዕድሜንም መመለስ አይቻልም። የአቋቋምን ሁኔታ ግን በከፊልም ቢሆን መለወጥ ይቻላል።

1. አንድ ቦታ ላይ መቆም ግድ ሲሆን ተረከዝን ከመሬት ከፍ ዝቅ ማድረግ። አሥር ወይም ሃያ ጊዜ በጣት መቆምና መመለስ የባትን ጡንቻ ያሠራዋል። መድኃኒት ሲያዘጋጁ፣ ስልክ ሲያነጋግሩ፣ ሊፍት ሲጠብቁ ማንም ሳያይ የሚደረግ ነው።

2. የሰውነት ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፤ ከተቻለም አንድ እግርን በትንሽ መርገጫ ላይ እያፈራረቁ ማሳረፍ።

3. በእረፍት ጊዜ በእርግጥ መቀመጥና እግርን ከፍ ባለ ነገር ላይ ማሳረፍ። ቤት ሲገቡም ለአሥራ አምስት ወይም ለሃያ ደቂቃ ያህል እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ መጋደም።

4. ዝቅ ያለ ተረከዝ ያለውና እግርን የማያጠብ ጫማ ማድረግ። ከፍ ያለ ተረከዝ የባትን ጡንቻ እንደልቡ እንዳይሠራ ያደርገዋል።

5. ከሥራ ውጭ መራመድ። ቀን ሙሉ በእግሬ ስለዋልኩ አያስፈልገኝም የሚሉ አሉ። ቆሞ መዋልና መራመድ ግን ከላይ እንዳየነው የተለያዩ ናቸው።

6. ክብደትን መቆጣጠር።

በዚህ ላይ በእሥራኤል የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ክኔሴት ተቀምጦ የመሥራት መብትን የሚመለከት ሕግ አውጥቷል። በሕጉ መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ተስማሚ መቀመጫ ማዘጋጀት አለበት። የሥራው መደበኛ አካሄድ መቀመጥን የማይፈቅድ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር ሠራተኛውን እንዳይቀመጥ መከልከል አይችልም። ታካሚን ቆሞ ማንሳት ግድ ነው። መዝገብ መጻፍ ግን ቁጭ ብሎ ይቻላል። ይህን መጠየቅ ስንፍና ወይም አመፅ አይደለም፤ መብት ነው።

ስለ ማጥበቂያ ካልሲ

በዕብራይስጥ ጋርቤ ላሐጽ የሚባሉት ልዩ ካልሲዎች ቁርጭምጭሚት ላይ በርትተው ወደ ላይ እየላሉ የሚሄዱ ናቸው። ደሙ ወደ ታች እንዳይጠራቀም ይረዳሉ፣ እብጠትንና የእግር መክበድን ይቀንሳሉ። ቆመው ለሚሠሩ ሰዎች ጥሩ እርዳታ ናቸው። ነገር ግን ያበጠውን ሥር አያድኑትም።

ካልሲው የሚጠለቀው ጠዋት፣ እግር ከማበጡ በፊት ነው፤ ማታ ሲተኙ ይወልቃል። ልኩ በቁርጭምጭሚትና በባት ውፍረት ተለክቶ መሆን አለበት። ሲያረጅ ስለሚላላ በየጥቂት ወሩ መቀየር ያስፈልገዋል። ከላይ ተጠቅልሎ ባትን የሚያስር ከሆነ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። የሱኳር በሽታ ያለበት ሰው፣ በተለይም እግሩ የሚደነዝዝ ከሆነ፣ እንዲሁም ወደ እግር ደም የሚወስዱት ሥሮች የጠበቡበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እነዚህን ካልሲዎች ማድረግ የለበትም። ወደ እሥራኤል ከመጣን በኋላ የሱኳር በሽታ በማኅበረሰባችን ውስጥ በብዛት እንደተስፋፋ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለእናት ወይም ለአባት ካልሲ ገዝቶ ከመስጠት በፊት የቤተሰብ ሐኪሙን መጠየቅ ይቅደም።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ሐኪሙ መጀመሪያ ታካሚው ቆሞ እያለ እግሩን ያያል፣ ይዳስሳል። ከዚያ ዶፕለር የሚባል የአልትራሳውንድ ምርመራ ይታዘዛል። ይህ ምርመራ አያምም፣ መርፌም የለውም። የትኛው በር እንደላላና ደሙ ወዴት እንደሚመለስ ያሳያል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ዋናው ሕክምና በቀዶ ጥገና ሥሩን አስሮ ማውጣት ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀጭን ቱቦ በሥሩ ውስጥ አስገብቶ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ሥሩን ከውስጥ መዝጋት ነው። ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፣ ታካሚውም በዚያው ቀን እየተራመደ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላው መንገድ አረፋ መሰል መድኃኒት በመርፌ ሰጥቶ ሥሩን መዝጋት ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሕክምና መመሪያ በመጀመሪያ በሙቀት መዝጋትን፣ ያ ካልተስማማ አረፋውን፣ ያም ካልሆነ ቀዶ ጥገናን በቅደም ተከተል አስቀምጧል። በእርግዝና ላይ ላለች ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠበቃል።

ብዙ ሰዎች «ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ይሄዳል?» ብለው ይሰጋሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከእግር የሚመለሰው አብዛኛው ደም የሚሄደው በጡንቻ መካከል ባሉት ጥልቅ ሥሮች ነው የሚል ነው። የሚዘጋው ከቆዳ ሥር ያለው የተበላሸ መንገድ ነው፤ ያ መንገድ ሲዘጋ ደሙ በጤነኛው መንገድ ይሄዳል። ሆኖም ከሕክምና በኋላም ሌላ ሥር ሊያብጥ ስለሚችል መራመዱና ክብደት መቆጣጠሩ መቀጠል አለበት።

በአገር ቤት ልማድ ያበጠን ቦታ በዋግምት ማስመጠጥ፣ መበጣት ወይም በእሳት መተኮስ የተለመደ ነበር። ይህን በዳሊዮት ላይ ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው። የተወጠረው ሥር ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል፣ ቁስሉም በቀላሉ አይድንም። ወላጆቻችን ይህን የሚያደርጉት ለመዳን ብለው ነውና በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት እናስረዳቸው።

ችላ ሲባል ምን ያስከትላል?

ብዙ ሰዎች ከዳሊዮት ጋር ያለ ከባድ ችግር ይኖራሉ። በአንዳንዶች ላይ ግን ዓመታት ሲያልፉ በቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ያለው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይደነድናል፣ በትንሽ ጭረትም ይቆስላል። ይህ ቁስል ብዙ ጊዜ ከቁርጭምጭሚት በላይ በእግር የውስጥ ጎን በኩል ይወጣል። ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ድኖም ሊመለስ ይችላል። በእግሯ ቆማ ለምትሠራ ሴት ይህ ማለት ሥራዋንና ደሞዟን ጭምር የሚነካ ነው።

የሚከተሉት ሲያጋጥሙ ግን ቀን መቁጠር አይገባም።

ሥሩ ከፈነዳና ደም ከፈሰሰ፦ ሰውየው ቆሞ ወይም ተቀምጦ እንዳይቆይ ወዲያውኑ ይጋደም፣ እግሩን ከፍ ያድርግ፣ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፣ ለ101 ይደወል። ቆሞ ሆኖ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደሙን ለማጠብ መሞከር ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ከቆዳ ሥር ያለው ሥር በድንገት ከጠጠረ፣ ከጋለና ካመመ፦ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ባት ካመመ፦ በጥልቁ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እግሩን ሳያሹ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ ጋር ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ካለ የረጋው ደም ወደ ሳምባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ሳያጠፉ 101 መደወል ነው።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ

መጀመሪያ የሚኬደው ኩፓት ሆሊም ወዳለው የቤተሰብ ሐኪም ነው። እሱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ደም ሥር ቀዶ ሐኪም ሀፍናያ ይጽፋል። ለሐኪሙ «እግሬን ያመኛል» ብሎ ማቆም አይበቃም። መቼ እንደሚብስ፣ ማታ ስለመ‌ኖሩ እብጠት፣ በቀን ስንት ሰዓት ቆማችሁ እንደምትሠሩ፣ ስንት ጊዜ እንደወለዳችሁ፣ እናት ወይም አባት ይህ በሽታ እንደነበረባቸው፣ ቁስል ወይም የረጋ ደም አጋጥሞ እንደሆነ ዘርዝራችሁ ንገሩ። ለውበት ብቻ ተብሎ የሚደረግ ሕክምናና ለጤና ተብሎ የሚደረገው በክፍያ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ሕመሙንና እብጠቱን በዝርዝር መናገር ለዚህም ይጠቅማል። ሕክምናውን ከመጀመራችሁ በፊት ምን ያህል እንደሚሸፈን ከኩፓት ሆሊማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ዕብራይስጥ የሚያስቸግራቸው ወላጆች ዝም ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው እንዳይመለሱ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው በቋንቋና በባህል ተስማሚ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም ብቸኛው መንገድ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ባህላችን መቻልን ያስተምራል። ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ያችን ነርስ እናቷ «ይተውሻል» ያለቻት ከፍቅር ነው፤ ምናልባትም ራሷ በረጅም ቀሚሷ ሥር ያንኑ ሥር ለዓመታት ሸፍና ኖራለች። እናትየዋ እግሯን ለልጇ ብታሳይ ኖሮ ልጅቱ ገና በሥራ መጀመሪያዋ ዘመን ካልሲዋን አድርጋ፣ እየተንቀሳቀሰች፣ በጊዜ ታክማ ሊሆን ይችል ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሰንበት ቤተሰብ ሲሰበሰብ ይህን ነገር አንሱት። እናቶች ለልጆቻችሁ ንገሩ። ነርስ የሆናችሁ ልጆች ደግሞ የሰው እናት እግር እንደምታዩ ሁሉ የእናታችሁን እግር እዩ፣ ቀጥሎም የራሳችሁን። ወደ ሐኪም ለመሄድ ቁስል እስኪወጣ አትጠብቁ።